ሚሊየነሩን መሰረዝ የረሳው ኃላፊ

የበደለኝ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው፤ ደርግ በመጣ በአምስተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ። ስሙን አልጽፍም። ባሕር ዳር ውስጥ የሚያውቁት ያውቁታል።

ፈረንጆች ሲወጡ ትተዋቸው ከሄዱት መጽሔቶች መካከል አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲካሄድ ስለኖረ የአውሮፕላን እሽቅድምድም የሚያወሩ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር እየተቀመጥሁ ታሪኩን በአማርኛ ደብተር ላይ ጻፍሁት። አብራሪዎቹ መሬት ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ዝቅ ብለው ረጃጅም ምሰሶዎችን ይዞራሉ፤ ምሰሶውን ሳይዞር ያቋረጠ ይቀጣል። አንዲት ሴት ተከስክሳ ስትሞት አዘጋጆቹ ሴቶችን በሙሉ ከለከሉ። ወንዶቹም ይሞቱ ነበር፤ ስለዚያ የተከለከለ ወንድ ግን የለም። እዚህ ላይ በቀይ አስምሬበት ነበር።

ኃላፊው "እስቲ ልየው" ብሎ ደብተሩን ወሰደ። በአብዮት በዓል ሰሞን፣ በውይይት ክበባችን ስብሰባ ላይ፣ የራሴ ጥናት ነው ብሎ አነበበው። አሜሪካ የሚለውን ሁሉ ሶቪየት ኅብረት አድርጎታል። ለአሸናፊው ዋንጫ የሸለመውን ሚሊየነር ግን መሰረዝ ረስቷል።

ከፊት የተቀመጠው ሩሲያዊ መምህር በአስተርጓሚ ጠየቀ።

"እኛ አገር ሚሊየነር ካለቀ ስንት ዘመኑ! ይኸኛው የት ተደብቆ ተረፈ?"

"ከመሬት አዋጁ አምልጦ ይሆናላ" አለች አጠገቤ ያለችው ጸሐፊ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ኃላፊው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

"ጽሑፉ የሷ ነው! ጓዲት፣ ተነሺና ግለ ሂስ አድርጊ!"

የኔ መሆኑን ያመነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ የደብር አለቃ ስለነበሩ ቀድሞውንም በክፉ ዓይን ነበር የሚያዩኝ። ተነሣሁና "ጥፋቱ የኔ ነው" አልሁ። ተጨበጨበ።

በማግስቱ ደብተሬን ስጠይቀው "እንኳን ደብተር፣ እንጀራሽም ስለተረፈልሽ አመስግኚ" አለኝ። አልመለሰልኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ኃላፊ፣ ከቤቴ ሁለት ቤት አልፎ ባለው ቤቱ ሞተ። የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ጎረቤቴ በአጥር በኩል ተጣራች።

"እትዬ፣ አይነሡም እንዴ?"

"ልብስ እያጠብሁ ነው" አልኋት።

ቀብር አልሄድሁም። ለቅሶም አልደረስሁም። በሠልስቱ ደብተር ገዛሁ። ታሪኩን ከማስታውሰው እንደገና ጻፍሁት፤ አሜሪካን አሜሪካ አልሁ። ሽፋኑ ላይ ስሜን ጻፍሁ።