ስድስተኛው ዕጣ፦ በሐምሌ ጉም ወደ ጓሳ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ትልቋ የልጅ ልጄ ሜሮን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትንሿ ቤዛ ስምንት። ሁለቱም አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። አማቼ ግርማ ይህን አይቶ አዋጅ አወጣ፦ በዚህ ክረምት ቅዳሜና እሑድ ማንም ቤት አይውልም።

እሱ ራሱ ሐኪም ተራመድ ስላለው ወፍ ማየት ጀምሯል። ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ገዝቷል፣ ደብተርም ገዝቷል፤ ያየውን ወፍ ሁሉ ይጽፋል። የወፍ ስም ግን አያውቅም። ደብተሩን ገልጬ አይቼዋለሁ። «ቡናማ ወፍ፣ ትንሽ» ይላል። ከሥሩ «ቡናማ ወፍ፣ ከፊተኛው ተለቅ ያለ» ይላል።

በመጀመሪያው ሳምንት በሬሳ የሚባለው ወንዝ ዳር ወሰደን፤ ዝናብ ደብድቦ መለሰን። በሁለተኛው ሳምንት የቤዛን አንድ እግር ጫማ ጭቃ በላው። ሦስተኛውን ጉዞ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መንዝ እንሂድ አልኩ።

ምክንያቴን አልደበቅኩም። ታላቅ እህቴ እትዬ በለጡ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ በኩል ትኖራለች። ሦስት ዓመት አልተያየንም። ዓይኗ እየደከመ ነው። በቀደም በስልክ፣ «የሰው መልክ እየጠፋኝ ነው፤ አሁን ሰው የምለየው በድምፁ ነው» አለችኝ። ጨርሶ ሳይጠፋት መልኬን አንድ ጊዜ እንድታየው ፈለግሁ። መልኬ የሚያጓጓ ሆኖ አይደለም። የእሷን ስለሚመስል ነው።

ግርማ ወዲያው ተስማማ። «ጓሳም እዚያው አጠገብ ነው፤ ጭላዳ እናያለን፣ ቀይ ቀበሮ እናያለን» አለ። ልጆቹ ጭላዳ ሲባል ስልኩን ጣሉት። ያለን ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሰኞ ግርማና ልጄ ትዕግሥት ሥራ ይገባሉ። በአንድ እሑድ ሁለቱም ቦታ እንደማይደረስ ያን ጊዜ ያሰበ የለም።

መኪናዋን ግርማ የተዋሳት ከወንድሙ ነው፤ አሮጌ ናት። ገና ሳንነሣ ፊት ማን ይቀመጥ የሚል ክርክር መጣ። ትዕግሥት፣ «እማዬ፣ አንቺ ፊት ተቀመጪ፤ ጉልበትሽ አይታጠፍልሽም» አለችኝ።

እኔ አድልዎ አልወድም፤ ለእኔም ቢሆን። አባታችን በሰፈራችን የቅርጫ አከፋፋይ ነበር። በሬ ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ከተደለደለ በኋላ ዕጣ የሚያስጥለው እሱ ነው። ባለ ድርሻው ሁሉ አንዳንድ ስንጥር ወይም ጠጠር ይሰጣል፤ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። አጥንት የበዛበት የደረሰውም ዝም ብሎ ይዞ ይሄዳል። እኔም ለወንበሩ ዕጣ ይጣል አልኩ። ጎረቤት ተጠርታ ጣለች። ፊት ቤዛ ደረሳት። እኔ ከኋላ መካከል ገባሁ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ቤዛ ዞራ፣ «እማማ፣ ልቀይርሽ?» አለች።

«ተቀመጪ። ዕጣሽ ነው።»

እስከ ጣርማ በር ስለ ጉልበቴ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ስለ ግርማ አነዳድ ግን ተናግሬአለሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ጣርማ በር

ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ከታች ቆላው መታየት ነበረበት፤ ጉም ሞልቶት ነጭ ሆኗል። ሜሮን ለማስታወሻ ብላ ነጩን ፎቶ አነሣችው። መንገድ ዳር አንዲት ሴት የገብስና የባቄላ ቆሎ ትሸጣለች፤ አንዱ ስኒ ሠላሳ ብር። ለግርማ ከምራ ሰፈረችለት፤ ለእኔ በእጇ አስተካክላ ሰጠችኝ።

«ለእሱ ከምረሽ ለእኔ ልክክ?» አልኳት።

«እሱ እንግዳ ነው እማማ። እርስዎ የአገር ሰው ነዎት፤ አነጋገርዎ ያስታውቃል።»

ቃሏ ደስ አለኝ። ጭማሪዬን ግን አልተውኩም።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሞላሌ

ከጣርማ በር ወዲያ አገሩ ሁሉ ገብስ ነው። የሐምሌ ገብስ ገና እንደ ሣር ለስላሳ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይተኛል። በጎቹ ዝናቡን ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆመዋል፤ ሰዎቹ የሱፍ ባና ተከናንበው በጎቹን ይመስላሉ። ሞላሌ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ጥብስና ሽሮ በላን። ሽሮው መቶ ሃያ ብር ነው፤ ግን ልክ ነው፣ ጠገብን።

ባለ ምግብ ቤቷ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችንና ራሷን ነቀነቀች። «እህትዎ ያሉበት በዚህ ጭቃ መኪና አያስገባም። ከዋናው መንገድ ወርዳችሁ ሁለት ሰዓት በእግር ነው፤ መመለሻውም ያው ነው። ነገ እዚያ ከሄዳችሁ ጓሳን እርሱት» አለች።

 ቤዛ ሽሮዋን መብላት አቆመች።

ግርማ፣ «እማማ፣ የሚያከራክር ነገር የለም፤ እህትዎ ጋ እንሄዳለን» አለ።

«ለምን? እኔ ሽማግሌ ስለሆንኩ? እነዚህ ልጆች ጭላዳ ጭላዳ እያሉ ነው የመጡት። ሁሉም እኩል ዕጣ ይስጥ፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ነገ የት እንደምንሄድ ይምረጥ።»

«እማዬ፣ ተይ» አለች ትዕግሥት።

«አልተውም።»

እኔ ከቆሎዬ አንድ ባቄላ ሰጠሁ። ግርማ የክብሪት እንጨት፣ ትዕግሥት የፀጉር መርፌ፣ ሜሮን የብርቱካን ዘር፣ ቤዛ የከረሜላ ወረቀት። የግርማ ባርኔጣ ውስጥ ተጨመረ። ባለ ምግብ ቤቷ ፊቷን አዙራ እጇን ሰደደች። ባቄላ አወጣች።

ልቤ ያኔውኑ እትዬ በለጡ ደጅ ደርሶ ተቀመጠ። ሁሉም አጨበጨቡ። የየሰውን ልመልስ ብዬ ባርኔጣውን ብገለብጠው አምስት ዕቃ ወደቀ። አራት መቅረት ነበረበት። አምስተኛው ባቄላ ነው።

ሜሮን ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

«ይህ የማን ነው?»

«ያንቺው ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ባቄላ ታንሳለች ብዬ ጨመርኩበት።»

ሌላ ሰው አላየውም ነበር። ባቄላዋን በመዳፌ ሸፍኜ ዝም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም። ይህን ማሰቤን አልክድም። ከዚያ አፌ ውስጥ ጨምሬ ቆረጠምኳት።

«ዕጣው ፈርሷል። እንደገና ይጣል።»

እንደገና ተጣለ። የከረሜላ ወረቀት ወጣ።

ቤዛ፣ «ጭላዳ» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና፣ «ግን እኮ...» አለች።

«ግን የለም። ጭላዳ ብለሻል፤ ጭላዳ ነው።»

ባለ ምግብ ቤቷ ሳህኑን እያነሣች፣ «እርስዎስ ዳኛ መሆን ነበረብዎ» አለችኝ። ምስጋና መሆኑን ተጠራጠርኩ።

አሥር ሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ማደሪያ ይዘን ለእህቴ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ነገ አንመጣም።»

«ምን አገኛችሁ?»

«ምንም። ዕጣ ተጥሎ ጓሳ ወጣ።»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «በመጨረሻ ስንት ዕጣ ነበር?» አለችኝ።

«አምስት።»

«እህ» አለችና ዘጋችው። እህቴ «እህ» ካለች አልጨረሰችም ማለት ነው። ደግማ ትደውላለች ብዬ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። አልደወለችም።

እሑድ፣ ሦስት ሰዓት፣ ጓሳ

ኪዳን አድርሰን ጓሳ ወጣን። ጉሙ ከደመና ወርዶ መሬት ተኝቷል። እጄን ብዘረጋ ከጣቴ ወዲያ አይታየኝም። ገሳ የለበሰ ጠባቂ መጣና ስለ ሣሩ ነገረን፦ ሣሩ ለዓመታት አይነካም፤ አገሩ መክሮ ይከፈት ሲል ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል። ቀድሞ የገባ ይቀጣል። እንዲህ ያለ አገር እወዳለሁ።

«ጭላዳዎቹስ?» አለች ቤዛ።

«እዚያ ናቸው» አለ እያመለከተ።

«የት?»

«እዚያ።»

ነጭ ነው። ከነጩ ውስጥ ግን ከገበያ እንደሚመለሱ ሴቶች ሲያወሩ ይሰማል። ግርማ ደብተሩን አውጥቶ፣ «ድምፅ፤ ቡናማ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጻፈ። ቤዛ ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረች። ለዚህ ብላ እኔን ከእህቴ እንዳስቀረችኝ ገብቷታል። አጽናናኋት።

ያን ጊዜ ቅርብ ካለ የጅብራ ተክል ሥር አንድ ወፍ ብር አለ።

«ቡናማ ወፍ» አለ ግርማ።

«ቆቅ ናት።»

«እማማ፣ ቆቅ እንዲህ ትልቅ ናት?»

«ቆቅ ሳያት ነው ያደግሁት። ጻፍ፣ ቆቅ።»

«በእርግጠኝነት ያላየሁትን አልጽፍም።»

«ጭላዳውን ሳታየው ጽፈኸው የለም ወይ? ለጭላዳ የፈቀድከውን ለቆቅ ትከለክላለህ?»

ድምፄ ሳይነሣ አልቀረም። ከጉሙ ውስጥ፣ «አስካለ፣ መጮኽሽን ዛሬም አልተውሽም» የሚል መጣ።

ስሜን እንዲህ አድርጎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያ የበቅሎ ጆሮ ታየ፤ ከዚያ ባና፤ ከዚያ እትዬ በለጡ። ጎረቤቷ፣ እንደ እሷው የሸመገለ ሰው፣ ልጓሙን ይዞ ይስባል። ሊነጋጋ ሲል ነው የተነሡት።

«እትዬ፣ በዚህ ጉም እንዴት አገኘሽን?»

«ጉም ያለው ለእናንተ ነው። ለእኔ ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነው፤ በጆሮዬ ነው የምሄደው። አንቺ ደግሞ ለጆሮ አታስቸግሪም።»

ልስማት ቀረብኩ። እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ። ከበቅሎው አልወረደችም።

«መጀመሪያ ነገራችንን እንጨርስ። እመጣለሁ ብለሽ ቀን ነግረሽኛል?»

«ነግሬሻለሁ።»

«በግ ታርዶ ሥጋው ቤቴ ተሰቅሏል። እሑዱ የእኔም ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር።»

«አባታችን ባለ ድርሻ ርቆ ሲሄድ ምን ያደርግ ነበር?»

ወዴት እንደምትወስደኝ ያን ጊዜ ገባኝ። 

«ለሌለው ሰው ዕጣ ይይዝለት ነበር» አልኩ።

«የእኔን ማን ያዘልኝ?»

 ጭላዳዎቹ እንኳ ዝም አሉ። ሜሮን ክፍል ውስጥ እንዳለች እጇን አወጣች።

«እኔ ሌላ ባቄላ ጨምሬ ነበር። እማማ በላችው።»

እህቴ ወደ ድምፁ ዞረች። «ምን ብለሽ ጨመርሽው?»

«እማማ እርስዎን ማየት በጣም ስለፈለገች።»

«እንግዲያው ስድስተኛው ዕጣ የእኔ ነበር። ልጅቷ ሕግ ካንቺ ይልቅ ታውቃለች። አስካለ፣ ዕጣዬን ቆርጥመሽ በልተሻል።»

ግርማ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ጉሙ ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ላይ ስፈርድ ኖሬ የፈረደብኝ አልነበረም። አንድ ዓይነት ምልክት ሁለት ጊዜ መግባቱ ራሱ ጥፋት ነው ብዬ ልከራከር ፈለግሁ። ግን እውነቷን ነው። እኔ ራሴን ስቀጣ አብራኝ የተቀጣች ሰው እንዳለች አልቆጠርኳትም።

«ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ።

ያን ጊዜ ወረደች። ሁለቱን ጉንጮቼን ይዛ ፊቴን ወደ ፊቷ ሳበችው፤ አፍንጫችን እስኪነካካ ድረስ። እንዲያ አድርጋ ብዙ ቆየች። ትንፋሿ በሶ በሶ ይሸታል።

«አርጅተሻል» አለችኝ።

«አንቺም።»

«እኔ አላየሁትም።»

እንዲያ ተቃቅፈን ሳለን ነፋስ መጣና ጉሙን ገለጠው። ጭላዳዎቹ ከእኛ ሃያ እርምጃ እንኳ በማይሞላ ቦታ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ከአርባ አያንሱም። ክርክሩን ሁሉ ሰምተዋል ማለት ነው። ትልቁ ወንድ ጎፈሬውን ነፋስ እየበተነበት እኛን አየ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ መንጨቱን ቀጠለ። ቤዛ እጄን ጨብጣ ያዘች። ከዚያ ጉሙ ተመልሶ ዘጋው።

ፍርዱን የሰጠችው እህቴ ናት። እኔና ልጆቹ ከእሷ ጋር እንድንሄድ፤ ሥራ ያላቸው ሥራቸው ይግቡ፤ ፍልሰታ ሳይገባ መጥተው ይውሰዱን። ይግባኝ አልጠየቅኩም።

ሁለት ሳምንት፣ እትዬ በለጡ ቤት

በቅሎዋን በየተራ እየተቀመጥን ደረስን። የስልኩ ባትሪ በሁለተኛው ቀን አለቀ፤ ልጆቹ በአምስተኛው ቀን ነው ትዝ ያላቸው። ካፊያው ሲያባራ እንጉዳይ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ከእህቴ ጋር ገበጣ ይጫወታሉ። እህቴ ጠጠሩን በጣቷ ዳብሳ ነው የምትቆጥረው፤ ሁለቱንም ታሸንፋቸዋለች። ከእኔ ጋር ግን አትጫወትም፤ ትጨቃጨቂያለሽ ትላለች። ማታ ማታ ፊቴን ወደ ምድጃው ብርሃን ታዞረውና ታየኛለች። ምን እንደምታይ አልጠየቅኳትም።

ሐምሌ መጨረሻ፣ ደብረ ብርሃን

ግርማ መጥቶ ወሰደን። ልጆቹ መንገዱን ሙሉ የወፍ ስም አስጻፉት፤ ደብተሩ ላይ አሁን ዋኖስ አለ፣ ጭልፊት አለ፣ ቆቅም አለች። ቤት ገብተን እግራችንን ከታጠብን በኋላ የሚቀጥለው ቅዳሜ የት ይዋል የሚል ተነሣ። ትዕግሥት አምስት ስንጥር ሰበረች። ስድስት አድርጊው አልኳት።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ዕጣ ከመጣሉ በፊት አጠገብ ያለውን ሳይሆን የሌለውን መቁጠር። ስለዚህ ምርጫዋን እንዲጠይቁ ለእህቴ አስደወልኩ። ሜሮን ሕጉን በትክክል አስረዳቻት።

«ዕጣ ምን ያደርጋል?» አለች እትዬ በለጡ። «እኔ ዘንድ ነው የምትመጡት። አስካለን ቆሎ ይዘሽ ነይ በሏት፤ ባቄላውን ሳትበላው።»

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እኩልነት ብሎ ነገር አይሠራም። ቅዳሜ እንሄዳለን።