ለላም የተፈቀደ ቤት

አንድ ሰው ስድሳ ስምንት ዓመት ኖሮ፣ ኑሮው ሲጠራቀም ምን ይሆናል? በወጣትነቴ ይህ ጥያቄ ለፈተና ሲመጣልኝ ገጽ ሙሉ መልስ ነበረኝ። አሁን ጥያቄውን ይዤ የምሄደው ወደ ጎረቤቴ፣ ወደ ግንበኛው ነው። ለግንበኛ መልሱ ቀላል መሆን ነበረበት፤ ኑሮው ቆሞ ይታያላ! ከሸለቆው አፍ እስከ ኮረብታው ጫፍ ካሉት የድንጋይ ቤቶች ግማሹን የሠራው እሱ ነው። ግድግዳው ስለማይዛነፍ በማቅኛ ክሩ ስም ቱንቢ ይሉታል። ድንጋይ ሲመርጥ በመዶሻው ጫፍ ኳ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ የታመመውን ወደ ጎን ይጥላል። ሰውም እንዲህ ቢመረጥ ስንቱ ወዳቂ ነበር እያልኩ እስቅ ነበር። ዛሬ አልስቅም።

የራሱ ቤት ሁለት ክፍል ናት። በአንደኛው ክፍል ሚስቱ ከወገቧ በታች ሽባ ሆና ከተኛች ስድስት ዓመቷ። የምታጥባትና የምታገላብጣት አንዲት ልጃቸው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ መንታ የምታሳድግ ነርስ። የሸለቆው ኪራይ ቤቶች ለእረፍት ቀን ብቻ ብቅ በሚሉ ሰዎች ስለተያዙ የምትኖረው ሁለት አውቶቡስ ርቃ ነው። ማለዳ እናቷን አጥባ ወደ ሥራ፣ ከሥራ መልስ እናቷን አገላብጣ ወደ መንታዎቹ።

"አባዬ፣ እኔ እኮ የምኖረው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ስትፈልገኝ ሾፌሩን ጠይቀው" ትለዋለች።

ቱንቢ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በጓሮው፣ በገዛ መሬቱ፣ ለልጁ ሁለት ክፍል መሥራት።

ሸለቆው ግን ጥብቅ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የተፈጥሮ ውበቱ ይጠበቅ ተብሎ፣ አዲስ መኖሪያም ሆነ በነባር ቤት ላይ ቅጥያ እንዳይሠራ ተከለከለ። እውነቱን ልናገር፤ ፊርማ ካሰባሰቡት አንዱ እኔ ነኝ። ዛፉን፣ ጅረቱን፣ ዝምታውን እያነሣሁ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስጨብጭቤያለሁ። ሕጉ ዛሬም ክፉ አይመስለኝም። የሚያንገሸግሸኝ የወደቀበት እጅ ነው።

ማመልከቻውን ጻፍኩለት፤ አብሬውም ሄድኩ። የፈቃድ ክፍሉ ሹም ወጣት ነው። ከወንበሩ ኋላ የሸለቆው ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሰው የሚባል የለበትም። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣

"አባቴ፣ ላም አለዎት?" አለው።

"የለኝም።"

"ይግዙ። በረት ለግብርና ስለሚያገለግል ይፈቀዳል።"

"ለልጄስ?"

"ልጅዎማ ለግብርና አታገለግልም።"

ቱንቢ ኮፍያውን አጠለቀና "ሰው የወለድኩት ተሳስቼ ነዋ!" ብሎ ወጣ። ሹሙ ከልቡ ሳቀ።

ላም ገዛ። በረቱ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ኮረብታው ላይ ሠላሳ ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያም ተፈቀደ፤ ጣሪያው ሣር ስለሆነ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ይስማማል ተባለ። ሣሩ ፕላስቲክ ነው። ግድግዳውን የገነባው ራሱ ቱንቢ ነው፤ እንጀራ ነውና አልመረጠም። ለምረቃው እኔንም ስለ ፊርማዬ ጠርተውኝ ነበር። ሹሙ በረንዳው ላይ አፉን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ተፈጥሮ እንዲህ ሲከበር ደስ ይላል" ሲል ሰማሁት።

እንደ ቱንቢ በረት ያለ በረት ግን አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ድርብ፣ ወለሉ ልስን፣ በጓሮው በኩል ሰፊ የመስታወት መስኮት። መስኮቱ ከሚስቱ መስኮት ትይዩ ነው፤ ታማሚዋ ትራሷ ላይ እንዳለች ልጇ ፀጉሯን ስታበጥር፣ መንታዎቹ ሲላፉ ታያለች። ላሚቱ ከዛፍ ሥር ትታሰራለች። እንዲህ አምስት ወር ኖሩ። ልጅቷ ወደ ሥራዋ በእግሯ መሄድ ጀመረች፤ ፊቷ ሞላ። የእናትዮዋ የጀርባ ቁስል ደረቀ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከእረፍት ቀን ጎረቤቶቻችን አንዱ ሰገነቱ ላይ ሆኖ በረት ደጃፍ ላይ የልጆች ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ አየ። እይታዬ ተበላሸ ብሎ ከሰሰ። ተቆጣጣሪ ሜትርና ካሜራ ይዞ መጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አልጋ" አለች ልጅቷ።

"በረት ውስጥ? ለማን?"

"ለላሚቱ። ወገቧን ያማታል። እኔ ነርሷ ነኝ።"

መንታዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰውየው አልጋውን ፎቶ አነሣ፤ የጥርስ ብሩሾቹን ደግሞ ሁለት ጊዜ። ከዚያ መስኮቱን ለካ።

"ላም መስታወት አያስፈልጋትም።"

"ጠይቀሃታል?" አለ ቱንቢ።

"ጋሼ፣ እኔ ታዝዤ ነው።"

"ላሚቱም አፍ ቢኖራት ይህንኑ ትል ነበር።"

ውሳኔው በሃያ ቀን መጣ፤ ሰዎቹ ይውጡ፤ ዳግም እንዳይኖሩበት መስኮቱ በድንጋይ ይደፈን፤ አለዚያ በረቱ ይፈርሳል። በማስረጃነት የነዋሪዎች ፊርማ ተያይዟል። የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ነው፤ ያኔ የምኮራበት፣ ጅራቱ የረዘመ ፊርማ።

ልጅቷ ወደ አውቶቡሷ ተመለሰች። የእናትዮዋ ቁስል እንደገና አመረቀዘ። ላሚቱ፣ ሕጋዊዋ ነዋሪ፣ ልስኑ ወለል ላይ ተኝታ ታመሰኳለች። የሸለቆውን ቤቶች ግማሽ የሠራ ሰው፣ በፈቃድ መዝገቡ በስሙ የሰፈረለት ይህች በረት ብቻ ናት።

ይግባኝ ልጽፍለት ዐሥር ገጽ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ድንጋይ እየመረጠ አገኘሁት።

"መምህር፣ ይተዉት" አለኝ ቀና ሳይል። "አንዲት ነገር ብቻ ይጻፉልኝ።"

የነገረኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ፤ በማግሥቱም ራሴ አስገባሁ። "መስኮቱ ይደፈን። ግን በእኔ እጅ አይሁን፤ ሚስቴ ከማዶ ታየኛለች። ሌላ ግንበኛ ላኩልኝ።"

ማንም አልተላከም፤ መስኮቱም እስከ ዛሬ አልተደፈነም።