ያላረፈው እጅ

እኅቴ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራ ነበር። ወንበሯ መስኮቱ ሥር ነው፤ ብርሃኑ በግራ ትከሻዋ በኩል ይገባል። የኮት ቀዳዳ በእጇ ስትሠራ ክሩ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይታይም። የስፌት ቤቱ ባለቤት ሥራ የፈታ እጅ ማየት አይወድም። ኮቴው ሲሰማ ሴቶቹ ሁሉ፣ ክር ያለቀባት ሳትቀር፣ መርፌ እንደያዘ ሰው ሁለት ጣታቸውን ይገጥማሉ።

አንድ ጠዋት አንጎሏ ውስጥ ደም ረጋና ቀኝ እጇ ዛለ። ባለቤቱ፣ "ሐኪም ቤቱን እስክትጨርሺ ወንበርሽን አቆይልሻለሁ" አላት። ይህችን ቃል ይዘን ተመላለስን።

እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ጥናት ነበረው፤ እኅቴንም አስገባት። እጇ ላይ ሽቦ ለጥፎ፣ እጀታ ያለው ነገር ወደ ጭንቅላቷ አስጠጋ።

"ካውያ ነው እኮ የሚመስለው" አለች እኅቴ። "ለፊቴ ብታደርገው አይሻልም? የተጨማደደው እሱ ነው።"

ሐኪሙ ሳቀ። "ማግኔት ነው፣ እማማ። አጥንቱን አልፎ እጅን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ይቀሰቅሳል።"

ቀጭ ሲል ጣቷ ሳታዘው ብድግ አለ። እኅቴ እንባዋ መጣ። ሐኪሙ ግን ቀስ ብሎ አስረዳን፦ መጀመሪያ የጣቱን ዝላይ ይለካል፤ ከዚያ ማግኔቱን ደጋግሞ ያስመታና እንደገና ይለካል። ዝላዩ ከጨመረ ያ የአንጎል ክፍል በቀላሉ የሚነቃ ሆኗል ማለት ነው። ለውጡ ግን ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ እጅ ያድን እንደሆነም ገና አልታወቀም።

"አደራ፣ እጅዎ ይረፍ" አላት። "የተወጠረ ጡንቻ፣ አንጎሉ ባይለወጥም፣ ዝላዩን ያገንነዋል።"

እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ በሄድን ቁጥር ዝላዩ እየበረታ መጣ። እኛ ደስ አለን። ሐኪሙ የእጇ ጡንቻ የሚጽፈውን መስመር ስክሪኑ ላይ በጣቱ ተከተለ፤ መስመሩ ገና ከምቱ በፊት ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እማማ፣ ቀድመው ጣትዎን ይገጥማሉ እንዴ?"

"ትንሽ" አለች ወለሉን እያየች። "ሥራ ፈት ብለህ እንዳታሰናብተኝ ብዬ።"

"የለካሁት ሁሉ ተበላሸ እኮ። ከእንግዲህ በጥናቱ መቀጠል አይችሉም።"

"ግን ልጄ፣ ገጠመልኝ። ታዘዘልኝ እኮ።"

"እሱማ ጥሩ ነው፤ ፊዚዮቴራፒ ይሂዱ። እኔ የምለካው ያረፈ እጅ ነው።" ሽቦውን ከእጇ ላይ ላጠው።

ከዚያ በቀጥታ ስፌት ቤቱ ወሰደችኝ፤ የገጠሙትን ጣቶቿን ለባለቤቱ ልታሳየው። መስኮቱ ሥር አንዲት ልጅ ቀዳዳ በስፌት መኪና ትሠራለች። ቀና አላለችም።

ባለቤቱ የእኅቴን ጣቶች አያቸው። "ጎሽ" አላት። "አንቺ እንግዲህ ማረፍ ነው ያለብሽ።"

አሁን ቤት ተቀምጣለች። ፊዚዮቴራፒውን እንሂድ ስላት፣ "ለማን ብዬ?" ትለኛለች። ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ ግን ሁለቱ ጣቶቿ ይገጥማሉ።