የጋሼ ነጎድጓድ አራተኛ ሞት

ድምፅ ቀራጯ በሞት ታሾፍ ነበር። ይፈረድባታል እንዴ? የውጭ ፊልሞችን በአገር ቋንቋ በሚያናግር ድርጅት ውስጥ፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ብርሃን ለባሹ የተባለውን ጀግና ሦስት ጊዜ ቀብራዋለች። አንዴ ከሰማይ ወደቀ፣ አንዴ ባሕር ዋጠው፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ አመድ ሆነ። በሚቀጥለው ፊልም ታዲያ ፀጉሩ እንኳ ሳይበላሽ ከች ይላል። "ይሄ ሞት ነው የሻይ እረፍት? ለሚመለስ ሰው ምን ያስለቅሳል?" ትላለች። ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል።

የጀግናው ድምፅ ጋሼ ነጎድጓድ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቁመታቸው ከማይክሮፎኑ ማቆሚያ ብዙም አይበልጥም፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከቀራጯ የሚለያቸው መስታወት ይነዝራል። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው እትዬ "ዛሬስ ሞተህ ነው ተርፈህ?" እያሉ ይቀበሏቸዋል። ፊልሞቹን ግን አንድም ቀን አይተው አያውቁም። የባሌን የሞት ጩኸት መስማት አልችልም ብለዋል፣ አበቃ።

አራተኛው ፊልም ሲመጣ ጋሼ ጉሮሯቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ገቡ። ዕጢ ተገኝቶባቸው ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ማክሰኞ ቀዶ ጥገና አለ፤ ነፍሳቸው ትተርፋለች፣ ድምፃቸው ግን ከዕጢው ጋር ይሄዳል። አይመለስም። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ቀራጯ ክው አለች። "ታዲያ ለምን መጡ፣ ጋሼ? ሌላ ሰው እንፈልጋለን።"

"ሌላ ሰው? እኔ እያለሁ?" አሉ በሻከረ ድምፅ። "የጀመርኩትን እኔው እጨርሰዋለሁ። በይ ክፈቺው።"

በዚያ ክፍል አንድ ሕግ አለ፤ የሞት ጩኸት የሚቀረጸው መጨረሻ ላይ ነው። ጉሮሮ ስለሚቧጥጥ ከሱ በኋላ ደህና ንግግር አይወጣም። ቀራጯም እንደ ልማዷ መጀመሪያ ጭውውቱን፣ ቀጥሎ መመለሱን፣ በስተመጨረሻ ሞቱን አሰለፈች። ጋሼ ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሞቱን አስቀድሚ። መመለሱ መጨረሻ ይሁን።"

"ድምፅዎ ቢጠፋስ? ጀግናው ሞቶ ሊቀር ነው እኮ!"

"ልጄ፣ ማክሰኞ ስገባ ከአፌ የወጣው የመጨረሻ ነገር ጩኸት እንዲሆን አልፈልግም።"

ቁልፉን ተጫነች። ጋሼ ሞቱ። ሦስቱን ሞት እየሳቀች ያሳለፈችው ሴት በዚህኛው ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ጩኸቱ ሲያልቅ ጋሼ ከመስታወቱ ወዲያ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው ውሃ ፉት አሉ። ለመናገር ሞከሩ፤ አልወጣም። ጣታቸውን ቀሰሩ፣ ቆይ ማለታቸው ነው። አምስት ደቂቃ ሄደ፣ ሩብ ሰዓት ሄደ። ለፊልም ጀግና ተጨንቃ የማታውቀው ቀራጭ "አምላኬ፣ ይህን ሰው ብቻ መልስልኝ" እያለች ትለምን ጀመር። የቱን ሰው እንደሆነ እሷም አልለየችውም።

ጋሼ ተነሡ። "አለሁ" አሉ። "የትም አልሄድኩም፤ አለሁ።"

ነጎድጓድ አልነበረም። የተሰነጠቀ፣ ትንፋሽ የበዛበት፣ የደከመ ድምፅ ነው። በሙያው ደንብ ይጣላል፣ ይደገማል። የእሷ እጅ ግን አልታዘዛትም። ጉድ እኮ ነው! የሚመለስ ሰው አያስለቅስም ስትል የኖረችው ሴት መመለሱን ሰምታ ተንሰቀሰቀች። እንዳለ ተወችው።

ፊልሙ ከሦስት ወር በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት ታየ። ጋሼ ድነው፣ አንገታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ከቀራጯ ጎን ተቀመጡ። በወዲያ በኩል እትዬ አሉ፤ ጋሼ በወረቀት ጽፈው ለምነዋቸው ነው የመጡት። ጀግናው ሲሞት አዳራሹ ሳቀ። "ተዉት፣ ይመለሳል!" አለ አንዱ ከኋላ። እትዬ ብቻ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነው አቀረቀሩ። ጀግናው ሊመለስ ሲል ጋሼ የሚስታቸውን እጅ ቀስ አድርገው ከጆሯቸው አነሡ።

"አለሁ። የትም አልሄድኩም፤ አለሁ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። እትዬ ቀና አሉ፤ ሦስት ወር ሙሉ ያልሰሙት ድምፅ ነው። ወደ ሸራው ግን አላዩም። ወደ ጎን ዞረው ባላቸውን አዩ፤ የጋሼ ከንፈር ከድምፁ ጋር እኩል ይንቀሳቀስ ነበር።

"ሰማሁህ" አሏቸው።