አድራሻው መንገድ ላይ የሆነ ተከሳሽ

የልጄ አባት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። የተጋባነው ኮምቦልቻ ነው፤ ኒካችንም የታሰረው አባቴ ቤት ነው። እኔ ዱብቲ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሥራ ሳገኝ ሎግያ በመስመሩ ላይ ስለሆነች እሱም ደስ አለው፤ እዚያ ቤት ተከራየን። ልጃችን አምስት ዓመት ሲሞላት መምጣቱን ቀነሰ። ከዚያ ስልኩን ቀየረ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። አልተጣላንም። ቢያንስ እኔ የማውቀው ጠብ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ጠብቄ ሰመራ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጠበቃ ለማቆም አቅሙ አልነበረኝም። በሩ አጠገብ፣ ሸራ ጥላ ሥር፣ ማመልከቻ የሚጽፉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ታሪኬን ከሠርጌ ጀምሬ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ዳኛው ይህን ሁሉ የሚሰሙበት ጊዜ የላቸውም። ልጅቷ የእሱ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለሽ? ሥራው ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?»

የልደት ምስክር ወረቀት አላወጣንላትም። የክትባት ካርዷ ላይ ግን የአባት ስም ተጽፏል፤ የኒካውም ወረቀት አለኝ። የቀጠረውን የትራንስፖርት ድርጅትም አውቀዋለሁ። የት እንደሚገኝ ሲጠይቁኝ «መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው። አልሳቁም። ለልጅቷ ቀለብ እንዲቆርጥ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ጻፉልኝና አነበቡልኝ። ከስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ የቀረው አሥራ ሁለት መስመር ነበር። ልጁን ካያት ሁለት ዓመት እንዳለፈው የሚናገረው መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ልክ ነው አልኳቸው።

መዝገብ ከፈትኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መጥሪያውን በሁለት ቅጂ ሰጠችኝ።

«እኔ ነኝ የማደርሰው?»

«ከሳሿ አንቺ አይደለሽ? አንዱን ይወስዳል፣ ሌላው ላይ ይፈርማል። የፈረመበትን ይዘሽ ትመጫለሽ።»

ባዶ እጄን ሦስት ቀጠሮ ቀረብኩ። ድርጅቱ ቢሮ ስልክ ስደውል «ሥምሪት ላይ ነው» ይሉኛል። ከሰመራ ወጥቼ ሚኒባስ ስጠብቅ ተሳቢዎቹ በፊቴ ያልፋሉ፤ በየሳምንቱ በዚያው አስፋልት እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ሎግያ ላይ ግን አይቆምም። አለቃዬ ፈቃድ ስጠይቀው ፊቱን ማጥቆር ጀመረ። በሦስተኛው ቀጠሮ ዳኛው በጋዜጣ ሊያስጠሩት አሰቡ። ወጥቼ ለጋሼ ስነግራቸው፣ «በጋዜጣ ተጠርቶ ቢፈረድበት፣ ነገ አልሰማሁም ብሎ ፍርዱን ሊያስነሳው ይችላል። ከቻልሽ እጁ ላይ ስጪው» አሉኝ። ተመልሼ አንድ ቀጠሮ ለመንኩ።

አዋሽ ላይ ምግብ ቤት ያላት የአገሬ ልጅ፣ የኮምቦልቻ ሴት፣ ሲመላለስ እሷ ዘንድ እንደሚበላ ነግራኝ ነበር። የቀረኝን የዓመት ፈቃድ ሞላሁና ልጄን ለጎረቤቴ ትቼ በአውቶቡስ ወረድኩ። ሁለት ቀን እዚያ ምግብ ቤት ተቀምጬ መኪና ቆጠርኩ። ሙቀቱ ራስ ያዞራል። ሽንኩርት ልክተፍልሽ ስላት የአገሬ ልጅ «ተይ እህቴ፣ አንቺ አርፊ» ትለኛለች፤ ማረፍ ግን አልሆነልኝም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መጣች፤ «ጎሚስታው ጋ ነው፣ ጎማ እያስቀየረ ነው» አለችኝ። አልፈርምም ቢል ምስክር እንዲኖረኝ ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ። የተረኛው ፖሊስ መጥሪያውን አየና ሻዩን ጨርሶ ተነሳ።

የልጄ አባት ጥላው ሥር ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ አልሸሸም። ከስቷል።

«በሰላም ነው? ልጅቷ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት። ይህን ፈርም።»

ከመጥሪያው ጋር የተያያዘውን ማመልከቻ ቆሞ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንድ ቦታ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ ውሸት ነው። አይቻታለሁ።»

«የት?»

«ከትምህርት ቤት ስትወጣ። መኪናውን ቀስ አድርጌ... ሰማያዊ ቦርሳ አላት።»

ቦርሳዋ ሰማያዊ ነው። እኔም ሌላው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ልቆጣ ፈለግኩ፤ ቁጣው አልመጣም። ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው መጥተህ ለዳኛው ንገራቸው» አልኩት። ፈረመ።

በቀጠሮው ቀን መጣ። ልጄ አይደለችም አላለም። ደመወዙንም አልካደም። ልጅቷን እንዳላየ የተጻፈው ስህተት ነው ብሎ ግን ተከራከረ፤ የሚከራከረው ያንን ብቻ ነበር።

ዳኛው «አይተሃት ከመኪናው ወረድክ?» ብለው ጠየቁት።

«አልወረድኩም።»

«ለምን?»

«ባዶ እጄን ምን ብዬ?» አለ። የሄደበትን ምክንያት ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም።

ቀለቡ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲላክ፣ ልጅቷንም በወር አንድ ቀን እንዲያያት ተፈረደ። ዳኛው ትስማሚያለሽ ወይ ሲሉኝ «መቼ ከልክዬው ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ። ያሸነፍኩ አልመሰለኝም። ከአዳራሹ ስንወጣ ሳናስበው ሁለታችንም ወደ አንድ በር ሄድን፤ እሱ ቆሞ አሳለፈኝ።

ሁለት ጊዜ መጥቶ አያት። ሎግያ ጁስ ቤት ወስዶ ይመልሳታል። ምን አወራችሁ ስላት «ስለ ጎማ» አለችኝ። በሦስተኛው ወር ቀረ። ቀለቡ ጥቂት ቆየና እሱም ቆመ፤ ድርጅት ቀይሮ ነበር። ፍርዱን የሚያስፈጽም ሌላ መዝገብ ከፈትኩ፤ አዲሱን ቀጣሪ ፈልጌ ደብዳቤ አጻፍኩ፤ ደግሞ ቀየረ፤ ደግሞ አጻፍኩ። ጋሼ ታመው አገራቸው ከገቡ በኋላ ማመልከቻውን ራሴ እጽፈው ጀመር። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ባሏ የጠፋባት ሴት ስትመጣ የክትባት ካርዱን እንዳትጥል፣ የቀጣሪውን ስም እንድታጣራ እነግራታለሁ። ስንት ጊዜ እንደሚያመላልሳት አልነግራትም።

ልጄ አሥራ ስምንት የሞላት ጊዜ ለመጨረሻው ደብዳቤ ሰመራ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አሁን ሌላ ናት፤ ፋይሉን አገላብጣ፣ «ልጅቷ ለአካለ መጠን ደርሳለች፤ ከእንግዲህ ያለው አይቆረጥም። ያልከፈለውን ግን መጠየቅ ትችያለሽ፤ ማመልከቻ አምጪ» አለችኝ።

«አስቤበት እመለሳለሁ» አልኳት። ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ፍራሹ ላይ ጋደም አልኩና እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ተኛሁ።