በቁም የተለካ ሙሾ

አክስቴ ልብስ ሳታስለካ አስረክባ አታውቅም። ሙሾዋንም ቀድሜ ልለካው ያለችው በዚሁ ልማዷ ይመስለኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። ናዝሬት ገበያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት እሷ ትሰፋለች፣ እኔ አስተምራለሁ። ሆዷ ውስጥ ያለው እብጠት መድኃኒት እንደሌለው ሐኪሞቹ ለእኔ ለብቻዬ ነገሩኝና "ቤቷ ትረፍ" ብለው ሰደዱን። እኔ የደበቅኩ መስሎኝ ስንት ውሸት ስደረድር፣ እሷ ለካ ሁሉንም ከፊቴ ላይ አንብባ ጨርሳለች።

"አልቃሿን ጥሪልኝ" አለችኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትራሷን እያስተካከልኩላት።

"የቷን አልቃሽ?"

"የዕድራችንን ነዋ። ስሞት የሚሉልኝን መስማት እፈልጋለሁ። ከሞትኩ በኋላማ ምን ያደርግልኛል?"

"አታሟርቺ!" ብዬ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩም። እሷ እንደሆነች አንዴ ካለች አለች ነው። ሄጄ ጠራኋቸው።

አልቃሿ ከአርሲ ወርደው ናዝሬት ያረጁ ባልቴት ነበሩ። የተጠሩበትን ሲሰሙ "ያ ዋቃዮ!" ብለው አማተቡ። "በቁሙ ላለ ሰው ይለቀሳል እንዴ? ጎረቤትስ ቢሰማ ምን ይላል?"

"ራዲዮኑ ምን ሊሠራ ተቀምጧል፣ እትዬ?" አለች አክስቴ።

ራዲዮኑን ከፈትኩት። እንደ ልማዱ ስለ አብዮቱ እየዘመረ ነበር። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት፤ ያ መዝሙር እንደዚያ ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም። አልቃሿ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በቀስታ አወረዱት፦

"የሰው ልብስ ሲቀደድ ስትጠግኚ ኖረሽ፣
ዕድሜሽ ሲተረተር ማን ሰፍቶ ይመልስሽ?"

አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። "ማለፊያ ነው" አለች። "ብቻ ክር ከገበያ ጠፍቶ እንደነበር ይግባበት።" አልቃሿ ሳይወዱ ሳቁ፤ እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ።

ከዚያ ብርድ ልብሷን ትጎትት ጀመር። "እትዬ፣ ያቺ ልጅ ያልነበራት ጎረቤታችን ስትቀበር 'ደጇ ተዘጋ' ብለው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። እኔንም እንዲያ ይሉኛል?"

አልቃሿ አንገታቸውን ደፉ። "ልጄ፣ እኔ ብቻዬን አላለቅስም። ልጅ 'እናቴ!' ብሎ ሲጮህ ነው እሱን ተከትዬ የማወርደው። ላንቺ ማን ይጮኻል?"

መልሱ እኔ ጋ ነበር። እናቴ ወንጂ አገዳ ቆራጮች ሰፈር ስትሞት ገና ድኼ አላውቅም፤ አክስቴ ናት አዝላ ናዝሬት ያመጣችኝ። አፌን ስፈታ "እማዬ" ብላት ግን እሷው ከለከለችኝ። "እናትሽ አንድ ናት። እህቴ ብትሞትም አልቀማትም፤ እኔ አክስትሽ ነኝ" ትለኝ ነበር። አክስቴ ስላት አደግሁ።

"እማዬ" አልኳት። ራዲዮኑ ዋጠው።

"ምን አልሽ?"

"እማዬ!"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እህቷን የምታስፈቅድ ይመስል ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ከዚያ በዚያ በከሳ እጇ ወደ ራዲዮኑ አመለከተች።

"ዝጊው" አለችኝ። "ዝጊውና ድገሚው።"

ዘጋሁት። ያን ሁሉ ዓመት የዋጥኩትን ጮህኩት፦ "እናቴ! እማዬ!" ባልቴቷም ልማድ አሸነፋቸውና ተቀበሉኝ፤ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወዮ እያለ በሩን በርግዶ ሲገባ፣ ሟቿ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉንጯ በእንባ ርሷል፤ ትስቃለች።

"አትደንግጡ" አለቻቸው፣ "ልጄ ናት።"