ዋስ ልትሆነኝ የመጣች እመቤት

ቶሮንቶ የታሰርኩበት ክፍል መስኮቱ አይከፈትም ነበር። ኤርፖርቱ አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አልጋው ይንቀጠቀጣል፤ እኔም አብሬው። በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ነው። የሚነሳው ሁሉ እኔን ሊወስድ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

መንገድ ላይ ነው ፖሊስ ያለ ወረቀት የያዘኝ። ፓስፖርቴ እመቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አገር ቤት በወንድሜ ፖለቲካ ታስሬ ሳለሁ በባሏ ሥልጣን ያስፈታችኝ እሷ ናት። አስፈትታ እዚህ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር አመጣችኝና ሠራተኛዋ አደረገችኝ። «እኔ ባልኖር አፈር በልቶሽ ነበር» ትለኛለች። ሐሰት አይደለም። አንድ ቀን በሩን ሳትቆልፍ ስትወጣ እኔም ወጣሁ።

ክፍሉን የምንጋራው ከአንዲት ያገሬ ሴት ጋር ነበር። የታሪክ አስተማሪ ስለነበሩ ቲቸር እላቸዋለሁ። የማይፈሩ ይመስሉኝ ነበር፤ እሳቸውም ግን ኮቴ ሲሰሙ ነጠላቸውን ጨብጠው ይይዛሉ።

እመቤቴ ልትጠይቀኝ መጣች።

«ነገ ዋስ እሆንሻለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ።

«እሺ እትዬ» አልኳት። ምላሴ ለምዶ ነው። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

«እምቢ ካልኩ ወደ አገር ቤት ይመልሱኛል፤ የድሮው እስር ቤት ይጠብቀኛል። እሺ ካልኩ ደግሞ የምትቆልፍብኝ ምድር ቤት፣ ቤዝመንቷ አለ» አልኳቸው ለቲቸር።

ስለ ጥንት ሮም ያወሩልኝ ጀመር። ሊያስረሱኝ መስሎኝ ነበር።

«እዚያ ሴትም ባሪያዋን ነፃ ታወጣ ነበር» አሉ። «ነፃ አወጣቻት ማለት ግን ለቀቀቻት ማለት አይደለም። ነፃ የወጣችው እመቤቷን ታከብራታለች፣ ታገለግላታለች። ደጎቹ ጌቶች መቃብራቸው ላይ ‹ለእኔና ነፃ ላወጣኋቸው› ብለው ያስጽፋሉ፤ አብረው ይቀበራሉ።»

«ሞተውም አይለቁማ» አልኩ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ነፃ ያወጣቻትን ሰው በችግሯ ጊዜ እህል የከለከለች እመቤት ግን እሷን የማዘዝ መብቷን ታጣለች። ሕጉ እሷንም ይይዛታል። አንቺ ስትታመሚ ማን አበላሽ?»

ቤዝመንት ውስጥ በትኩሳት ስነድድ ቆልፋብኝ፣ ከላይ ከእንግዶቿ ጋር ስትስቅ እሰማት ነበር። ውኃ እንኳ ያቀመሰኝ የለም።

በማግስቱ ሂሪንጉ ላይ፣ ጉዳዬ በሚታይበት ችሎት፣ ዳኛዋ በአስተርጓሚ «ዋስሽን ትቀበያለሽ?» አለችኝ። እመቤቴ ፈገግ ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«ከእስር አስፈትታኛለች፤ አመሰግናታለሁ» አልኩ። «ስታመም ግን ቆልፋ እህል ከለከለችኝ። ከእንግዲህ አታዘኝም። እዚሁ ልታሰር።»

እትዬ አላልኳትም። ፈገግታዋ ጠፋ።

መልሰው አስገቡኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርሃት ከበፊቱ ባሰ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ስሜን የሚጠሩ ይመስለኛል። ቲቸር በቀኝ ጎናቸው ተኝተው ያንኮራፋሉ። በሳቸው ማንኮራፋት እጽናና ነበር።

እሳቸው ቀድመው ተፈቱ። ሪጀንት ፓርክ ሰፈር የምትኖር አንዲት የቤተ ክርስቲያን ሴትን ለምነው ዋስ እንድትሆነኝ አደረጉና እኔም ወጣሁ።

ቲቸር ዛሬ አርጅተዋል፤ ልጅ የላቸውም። በቅርቡ የመቃብር ቦታ ገዙ፤ የሁለት ሰው።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አልኳቸው።

«ከፈለግሽ ያንቺ። ካልፈለግሽ ሣር ይብቀልበት፤ ግዴታ የለብሽም።»

በሕይወቴ ግዴታ የለብሽም ያለኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ።

«እሺ» አልኳቸው፤ «ግን በግራ ጎንዎ ይተኙልኝ። በቀኝዎ ያንኮራፋሉ።»